ብርድ ልብሱ ከስብከቱ በፊት ወይስ በኋላ?

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ሰዎች የኅብረታችን ልጆች ብርድ ልብስ፣ ዱቄትና ሳሙና አሰባስበናል። አብዛኞቹ ተረጂዎች የእኛ እምነት ተከታዮች አይደሉም። አሁን እርስ በርሳችን መስማማት አቃተን። ግማሹ «መጀመሪያ ቃሉን ይስሙ፣ ከዚያ ይታደላል፤ አለዚያ ከሌላው እርዳታ ሰጪ በምን እንለያለን?» ይላል። ግማሹ «ዝም ብለን ሰጥተን እንመለስ» ይላል። አንድ ወንድም ደግሞ አደጋው የእግዚአብሔር ቁጣ ስለሆነ ንስሐ ካልሰበክን ደማቸው ከእጃችን ይፈለጋል ብሎናል። ሌላው ጭንቀቴ የግል ነው። ከአደጋው የተረፈች ጓደኛ አለችኝ፤ እናቷ ፍርስራሽ ሥር ቀርተዋል። አማኝ ናት፣ ግን «መጸለይ አቃተኝ» ትለኛለች። ምን ልበላት? በመጨረሻም፣ ስናድል ፎቶ ብናነሣ ነውር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጸጋ ይብዛልሽ። ቁርጡን ልንገርሽና ወደ ምክንያቱ እንሂድ። ብርድ ልብሱን ስጡ። ከስብከቱ በፊትም በኋላም ሳይሆን፣ ከስብከቱ ጋር ጨርሶ ሳታያይዙት ስጡ። ስለ ክርስቶስ የጠየቃችሁን ሰው ደግሞ አትሽሹት።

ምክንያቱን ከአንጾኪያ ልጀምር። በሐዋርያት ሥራ 11 ላይ አጋቦስ የሚባል ነቢይ ትልቅ ረሀብ እንደሚመጣ ይናገራል። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርትም እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጡና በይሁዳ ላሉት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል (በኋላ ጳውሎስ በተባለው) እጅ ላኩ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ላለ ችግረኛ ስታዋጣ መጀመሪያ የምናየው እዚህ ነው። ደቀ መዛሙርት ክርስቲያን ተብለው የተጠሩትም በዚሁ ከተማ ነው፣ በዚሁ ምዕራፍ፣ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ። የተቀበሉት አማኞች ነበሩ፣ ልክ ነው። ግን ጳውሎስ ራሱ በኋላ ለገላትያ ሲጽፍ ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ፣ ይልቁንም ለእምነት ቤተ ሰዎች ይላል። «ይልቁንም» ያለው «ብቻ» ማለት አይደለም።

ይቺ አንጾኪያ ዛሬ በደቡብ ቱርክ አንታኪያ የምትባለው ናት። እ.ኤ.አ. በ526 ለዕርገት በዓል ከየቦታው የመጣ ሕዝብ ሞልቷት ሳለ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደመች። የጥንት ጸሐፊዎች ሟቹን እስከ 250 ሺህ ያደርሱታል። እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 6 ቀን 2023 ደግሞ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ መጠኑ 7.8 የተለካ መንቀጥቀጥ መታት። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ 7.5 የተለካ ተከተለ። በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ በሶሪያም ብዙ ሺህ። በአንታኪያ የነበረው የጴጥሮስና የጳውሎስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ። ለሌላው አዋጥታ የላከች ከተማ እጇን ለእርዳታ ዘረጋች። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ዛሬ የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት ይሙላ፣ ነገ ደግሞ የእነርሱ ትርፍ የእናንተን ይሞላል ያለው ይህን አስቦ ነው። እንግዲህ በተረጂው ላይ የበላይ ሆኖ የሚቆም ሰው፣ ቅድመ ሁኔታ የሚያወጣ ሰው፣ ይህን ምዕራፍ አላነበበም ማለት ነው።

አሁን «መጀመሪያ ይስሙ» የሚሉትን ልጆች ሰልፉን በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት አድርጊ። አንዲት ሴት ቆማለች። ሁለት ሌሊት ውጭ አድራለች። ያዘለችው ልጅ ያስላል። እጇ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አለች፣ በላብ ርሳለች። ፊት ለፊቷ ብርድ ልብሱ ተከምሯል፣ ከክምሩ አጠገብ ማይክ የያዘ ወጣት ይሰብካል። የሴትዮዋ ዓይን ከክምሩ አይነቀልም። «ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ» ሲባል ታነሣለች። ማን የማያነሣ አለ? እኔም ብሆን ሁለቱንም እጄን ነው የማነሣው! ማታ ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ነፍስ ዳነ» ተብሎ ይጻፋል። እጇን ያስነሣው ግን ብርዱ ነው። ይሄ ወንጌል ስብከት አይደለም፣ እጅ ጥምዘዛ ነው። የሚጎዳውም ሴትዮዋን ብቻ አይደለም። በዚያ ሰፈር ነገ እውነተኛ ጥያቄ ያለው ሰው ቢኖር እንኳ የክርስቶስን ስም የሚያውቀው የእርዳታ መግቢያ ትኬት ሆኖ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 ቀይ መስቀልና ትልልቅ የረድኤት ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ሲያወጡ፣ እርዳታ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ጽፈዋል። ደንቡን ካዘጋጁት መካከል የካቶሊኩ ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌደሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ይገኙበታል። ደንቡ እምነታችሁን ደብቁ አይልም። ዱቄቱን እምነት በመቀበል ላይ አታንጠልጥሉት ነው የሚለው።

ጌታም ያደረገው ይህንኑ ነው። አሥር ለምጻሞችን አነጻ፣ አንዱ ብቻ ተመልሶ አመሰገነ። ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ጠየቀ እንጂ ለምጹን አልመለሰባቸውም። አምስቱን ሺህ ሲያበላ ብዙዎቹ በማግሥቱ እንጀራ ፍለጋ ብቻ እንደሚመጡ ያውቅ ነበር። መጡም። ነገራቸው፣ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ያበላው ግን እያወቀ ነው።

ኤልያስን ደግሞ እዪው። በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን ለምኖ ከቁጥቋጦ ሥር ይተኛል። መልአኩ ሲመጣ አይገሥጸውም፣ «እምነትህ የት ሄደ?» አይለውም። ተነሥና ብላ ይለዋል። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ተወው ይተኛ! ከዚያ ሁለተኛ ቀስቅሶ እንደገና አበላው። ንግግሩ የመጣው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው። በዚያው ምዕራፍ የምድር መናወጥ አለ፣ እግዚአብሔር ግን በመናወጡ ውስጥ አልነበረም ይላል። ይቺን ለቁጣ ሰባኪው ወንድማችን አስቀምጪለት፣ እመለስበታለሁ።

«ታዲያ ወንጌሉን እንተወው?» ትይኝ ይሆናል። አትተዉትም። ፊልጵስዩስን አስታውሺ፣ ሐዋርያት ሥራ 16። የመሬት መንቀጥቀጥ ወኅኒውን ከመሠረቱ አናወጠው፣ በሮቹ ተከፈቱ። ጠባቂው እስረኞች ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጳውሎስ መጀመሪያ ያደረገው ነፍሱን ማትረፍ ነው። በራስህ ክፉ አታድርግ፣ ሁላችንም እዚህ አለን አለው። «እድን ዘንድ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ከጠባቂው አፍ ወጣ፣ ጳውሎስም አላንገራገረም፣ መለሰ። በዚያው ሌሊት ተጠመቀ። ፍጥነቱን ብቻ አይተው «ይኸው በአንድ ሌሊት!» የሚሉ አሉ። እነርሱ የሚዘሉት ነገር አለ፦ በዚያ ሌሊት ቁስል ያጠበውና ማዕድ ያቀረበው ጠባቂው ነው። ከጳውሎስ እጅ የሚጠብቀው ብርድ ልብስ አልነበረም። ስለዚህ ነጻ ሆኖ ጠየቀ። በመጠለያም ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። መልሱለት። ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ቦታ፣ ከእደላው ርቃችሁ፣ ምንም የሚቀበለው ነገር በሌለበት። ለጥምቀት ግን አትቸኩሉ፣ እዚያው ለምትኖረው ቤተ ክርስቲያን አስተዋውቁት።

«በምን እንለያለን?» ለተባለው፣ እኔ በመቆየት እላለሁ። ካሜራው በሁለት ሳምንት ይሄዳል። በቱርክ ከዓመት በኋላም በኮንቴይነር ቤት የሚኖር ሕዝብ ነበር። በስድስተኛው ወር ስልክ ደውሎ «ልጁ ትምህርት ጀመረ?» የሚል ሰው ብርቅ ነው። እናንተ ያን ሁኑ።

ወደ ቁጣው እንምጣ። የአበው ግጥም አለ፣ «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም፣ ያደርጋል እንጂ ነገሩን እንዳይጥም» የሚል። ወንድማችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ይልቅ ይቺን ሳያውቀው እየሰበከ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ይፈርዳል፣ አልክድም። ግን የትኛው ፍርስራሽ የፍርድ እንደሆነ የነገረው ማነው? ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰው ገድሏል። ጌታ ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና ራሱ «አይደለም» አለ። ንስሐ ግቡ ያለው ግንቡ ላልወደቀባቸው፣ ቆመው ወሬውን ለሚያወሩት ነው። ወንድማችን ንስሐ መስበክ ከፈለገ አድራሻው እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ1755 ሊዝበን የተመታችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ ነው። ኔፓል እ.ኤ.አ. አፕሪል 25 ቀን 2015 ስትመታ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ የኔፓል ክርስቲያኖች ለአምልኮ የሚሰበሰቡበት ቀን። በጸሎት ላይ ሳሉ ጣሪያ የወደቀባቸው አሉ። ታዲያ እነዚህን ምን እንበላቸው? ምድር የምትንቀጠቀጠው ከሥሯ ያሉት ግዙፍ የዓለት ንጣፎች ተፋጭተው፣ ለዘመናት ያከማቹትን ግፊት በድንገት ሲለቁት ነው። ሰውን አብዝቶ የሚገድለው ደግሞ በደንብ ያልተሠራ ሕንፃ ነው። ኃጢአት ይፈለግ ከተባለ እኔ ከሲሚንቶው የሰረቀው ጋ ነው የምጀምረው።

አሁን ስለ ጓደኛሽ። እዚህ ላይ ቀስ በይ። የኢዮብ ልጆች የሞቱት ቤት ወድቆባቸው ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ወዳጆቹ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፣ በልዳዶስም ልጆችህ ቢበድሉ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በተከራከረው ኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

ስለዚህ «እግዚአብሔር ለዓላማ አተረፈሽ» አትበያት። እናቷን ያለ ዓላማ ተዋቸው ማለት ነው? እሷ የምትሰማው እንዲያ ነው። «ሳይደግስ አይጣላም»ም ይቅር። «ሌሎችም አሉ፣ አንቺ ይሻልሻል»ም ይቅር። እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ እያልሽም አትጎትቻት፣ ስታወራ ስሚ፣ ዝም ስትል አብረሽ ዝም በይ። እናቷን በስማቸው ጥሪያቸው። ቢሮ የምታመላልሳት ወረቀት ካለ አብረሻት ሂጂ፣ ይሄ ከብዙ ጥቅስ ይበልጣል። እንቅልፍ ፈጽሞ እምቢ ካላት፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለች ግን በምክር አትያዢው። ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፣ ይህም እምነት ማጣት አይደለም።

መጸለይ አቃተኝ ላለችው፦ መዝሙር 88ን ታውቂዋለሽ? ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፣ ይሄኛው አይመለስም፣ በጨለማ ያልቃል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን አለ፣ ጸሎት ተብሎ። ከፈለገች አንብቢላት። ካልፈለገች ተይው። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን ሰው አራት ሰዎች ተሸክመው ጣሪያ ነድለው አወረዱት፣ ጌታም እምነታቸውን አይቶ ይላል፣ የተሸካሚዎቹን ጭምር። ለጊዜው አንቺና ኅብረቱ ጸልዩላት። «አንቺ አትጸልዪ፣ እኛ እንጸልያለን» በያት፣ ሸክሙ ይቀላታል።

ሌላም ነገር ልጨምር። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ መግባት ፈርታ ከሆነ አትገሥጿት። በአንታኪያ አካባቢ ከዋናው አደጋ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ከስድስት በላይ የተለካ መንቀጥቀጥ መጥቶ ሰው ገድሏል። ግድግዳ መፍራቷ ምክንያት አለው። ውጭ ላይ፣ ሜዳ ላይ ጸልዩ፣ ኢየሱስም ብዙ ያስተማረው ሜዳ ላይ ነው።

ለቡድናችሁ ሁለት ተግባራዊ ነገር። እነበርናባስ ገንዘቡን ያስረከቡት በዚያው ላሉ ሽማግሌዎች ነው። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ካሉ ሰዎች ጋር ተነጋገሩ፣ የሚፈልጉትን እነርሱ ይንገሯችሁ። ያሮጀ ልብስ አትጫኑ። በየአደጋው ያልተጠየቀ ልብስ እየተከመረ መንገድና መጋዘን ዘግቷል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይሻላል፣ ገበያው የሚሠራ ከሆነ ማለቴ ነው። ዝርዝሩን በችግር መጠን አውጡ፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ ይቅደም፣ የእኛ አማኝ ነው አይደለም የሚል ዓምድ አይኑረው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ የለጋሾች ጥያቄ ተገቢ ነው። ጳውሎስም ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ከገንዘቡ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ልኳል። ግን ለማስረጃ ደረሰኝ፣ የእቃ ዝርዝርና የተቀባይ ሽማግሌዎች ፊርማ ይበቃል። የተከመረውን ብርድ ልብስ አንሡ፣ መኪናውን አንሡ። እጇን የዘረጋች እናት ፊት ግን አይነሣ። «ፈቃድ ጠይቀናታል» የሚለው ሰበብ አይሠራም፣ እቃው በእጃችሁ እያለ እንዴት ብላ እምቢ ትላለች?