«መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» ብዙም የማይሰሙ የሴቶች ሕመሞች፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁሉም ማለት ይቻላል «ሦስት ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ»፣ «ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተባልኩ» ብለው ነው የሚጀምሩት። እውነት ነው፣ ዛሬ የማነሳቸው ችግሮች በየቀኑ የሚያጋጥሙ አይደሉም። ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቁ የሚቀሩት ረቂቅ ስለሆኑ አይደለም። «መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?» ብሎ የጠየቀ፣ ወይ ቦታውን በዓይኑ ያየ ሰው ስላልነበረ ነው። ስም አላወጣሁም፣ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ።

«ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ጡቷ አድጓል፣ የወር አበባ ግን አላየችም። በየወሩ ሦስት አራት ቀን ሆዷን ያማትና ይተዋታል። አንዴ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አንዴ ጨጓራ ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ሽንቷ አልወጣ ብሎ እያስቸገራት ነው።»

ነገ አይበሉ፣ ዛሬውኑ ይውሰዷት። ሽንት እምቢ ማለቱ ቀጠሮ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ነገሩ። የሚያማት በየወሩ ነው ብለውኛል። እንግዲህ የወር አበባዋ መጥቷል ማለት ነው፣ መውጫ አጥቶ ነው እንጂ። ብልት መግቢያ ላይ ያለው ስስ ሽፋን፣ የድንግልና ሽፋን የምንለው፣ በተፈጥሮው ቀዳዳ አለው፣ ደሙም የሚወጣው በዚያ ነው። አንዳንድ ልጆች ግን ሽፋኑ ድፍን ሆኖ ይወለዳሉ። ልጅ እያሉ ምንም አያስታውቅም። የወር አበባ ሲጀምር ግን ደሙ ከሽፋኑ ኋላ ይጠራቀማል፣ ወር በመጣ ቁጥር ይጨመርበታል፣ በመጨረሻ ብልቷ ከውስጥ ተወጥሮ የሽንት መውጫዋን ይጫነዋል።

ምርመራው ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው። እርስዎ አጠገቧ ቆመው ሐኪሟ ከውጭ ትመለከታታለች። ጣትም መሣሪያም አይገባም። ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ወደ ውጭ ነፋ ያለ፣ ሰማያዊ የሚመስል ሽፋን ይታያል። አልትራሳውንዱም በሆድ በኩል ነው የሚሠራው። መግቢያው ደህና ሆኖ ደሙ ከፍ ብሎ የተጠራቀመ ከሆነ ግን በብልቷ መሃል የተሠራ ግድግዳ ሊኖር ይችላል፣ ያኔ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ ቀዶ ጥገናውም ይከብዳል።

ሽፋኑ ብቻ ከሆነ በማደንዘዣ ከፍቶ ጠርዙን መስፋት ነው። ጥቁር፣ ወፍራም ደም ይወጣና እፎይ ትላለች። «በመርፌ ቀድተን እናስተንፍሰው» የሚል ካለ እምቢ ይበሉ። ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል፣ እስከዚያው ግን ጀርም ገብቶ የተጠራቀመውን ደም መግል ሊያደርገው ይችላል።

በደብዳቤው መጨረሻ «ድንግልናዋስ?» ብለው ጠይቀዋል። አልገረመኝም፣ ሁሌም ይነሳል። ሌሎች ልጆች ሲወለዱ የነበራቸውን ቀዳዳ ነው እሷ አሁን የምታገኘው፣ ሌላ የተነካ ነገር የለም። ካስፈለገዎት ሐኪሟ በወረቀት ትጽፍልዎታለች። በጊዜ ከተደረሰላት ወደፊት መውለዷም ብዙ የሚያሰጋ አይደለም።

«19 ዓመቴ ነው። ጡትም ፀጉርም እንደ ጓደኞቼ አውጥቻለሁ፣ ፔሬድ ግን መጥቶልኝ አያውቅም። በአልትራሳውንድ ማህፀን የለሽም ተባልኩ። ሐኪሙ ይህን ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ሴት አይደለሁም ማለት ነው?»

ሴት ነሽ። መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ። የተነገረሽ መንገድ እኔንም አናዶኛል። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጠው፣ ውሃ አቅርበው ነው የሚነግሩት።

ያለሽ ሮኪታንስኪ የሚባለው ሁኔታ ይመስለኛል። ከ5,000 ሴቶች አንዷ ገደማ እንዲህ ሆና ትወለዳለች። ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ማህፀኗና የብልቷ የላይኛው ክፍል ሳይሠሩ ይቀራሉ። የእናትሽም ያንቺም ጥፋት የለበትም። እንቁልጢዎችሽ፣ እንቁላል የሚያመነጩት ሁለቱ እጢዎች፣ ግን አሉ፣ ሥራቸውንም ይሠራሉ። ጡትሽን ያሳደገው የእነሱ ሆርሞን ነው።

ከመደምደማችን በፊት ግን የክሮሞዞምና የወንድ ሆርሞን የሚባለው የቴስቶስትሮን ምርመራ ተሠሪ። ሰውነት የወንድ ሆርሞንን የማይቀበልበት ሌላ ሁኔታ አለ፣ እዚያም ማህፀን የለም፣ ጡት ግን ያድጋል። በዚያኛው የብልትና የብብት ፀጉር ሳሳ ይላል ወይ ጭራሹን አይኖርም። ስለዚህ «ፀጉር አውጥቻለሁ» ያልሽው ትንሽ ነገር አይደለም፣ ወደ ሮኪታንስኪ ያደላል። ኩላሊትሽንም ይዩልሽ፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ይዘው የተወለዱ አሉና።

ስለ ግንኙነት ለመጠየቅ ያፈርሽ ስለመሰለኝ እኔው ላንሳው። የመጀመሪያው ሕክምና ቀዶ ጥገና አይደለም። ዳይሌተር የሚባሉ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም የሚሄዱ ለስላሳ ዘንጎች አሉ። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ራስሽ መግቢያው ላይ እያስደገፍሻቸው፣ ብልትሽ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ጥልቀት ያገኛል። ለአብዛኞቹ ይሠራል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ተገደው የሚጀምሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተውታል። ሲያሰኝሽ ጀምሪ። ሠርግ ደረሰ ብሎ የሚያጣድፍሽን አትስሚ።

ልጅስ? እንቁላሉ ያንቺው ሆኖ ሌላ ሴት ልታረግዝልሽ ትችላለች፣ ሕግ በሚፈቅድበት አገር። የማህፀን ንቅለ ተከላም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ እንዳንቺው ሮኪታንስኪ ያላት የ35 ዓመት ሴት ከ61 ዓመት የቤተሰብ ወዳጅ በተሰጣት ማህፀን ወንድ ልጅ ወልዳለች። በንቅለ ተከላ በገባ ማህፀን ተረግዞ የተወለደ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ቀዶ ጥገናው ከባድ ነው፣ ሰውነት ማህፀኑን እንዳይገፋው መድኃኒት ይወሰዳል፣ ከወለዱ በኋላም ማህፀኑ ይወጣል። ግን በር ተዘግቶብሻል ያለሽ ሰው ተሳስቷል።

«58 ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ታች ያሳክከኛል፣ ሌሊት ይብሳል። የፈንገስ ቅባት ስንቴ ተቀባሁ፣ ሁለት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። እንይልሽ ያለኝ የለም፣ እኔም አፍሬ አላሳየሁም።»

እናቴ፣ እርስዎስ ቢያፍሩ ያስኬዳል። ሳያይ ቅባት ያዘዘው ነው ማፈር ያለበት።

እስቲ መስታወት ይያዙ፣ የስልክዎን መብራት ያብሩና ይመልከቱ። ቆዳው ነጥቷል? እንደተጨማደደ ስስ ወረቀት ሆኗል? ትንንሾቹ ከንፈሮች ሟሙተው ከትልቆቹ ጋር ተጣብቀዋል? ንጣቱ ወደ ኋላ ወርዶ ፊንጢጣውን ዞሮታል? እንዲህ ከሆነ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። አይተላለፍም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። እንዲያውም በሳሙና ደጋግሞ መታጠቡ ያባብሰዋል።

መድኃኒቱ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው፣ ክሎቤታሶል 0.05 ፐርሰንት። ሐኪም አይቶ ካረጋገጠ በኋላ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያውን ወር ማታ ማታ፣ ሁለተኛውን አንድ ማታ እየዘለሉ፣ ሦስተኛውን በሳምንት ሁለቴ ይቀባል። ሌባ ጣትዎ ጫፍ ላይ ካለው አንጓ ግማሹን የምታህል ቅባት ትበቃለች። የ30 ግራም ቱቦ ሦስቱን ወር ሊዘልቅዎት ይገባል፣ ቀድሞ ካለቀ አብዝተዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት «ብልት አካባቢ አይቀባ» ሊል ይችላል። ያንን አንብበው መድኃኒቱን የጣሉ ስንቶቹን አውቃለሁ! ለዚህ በሽታ ግን የሚቀባው እዚያው ነው፣ ባለመቀባት የሚመጣው ጉዳት ይበልጣል። ካልታከመ ቆዳው ይጠብባል፣ ይሰነጠቃል፣ በጥቂቶች ደግሞ፣ ከመቶ አምስት በማይሞሉት፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ጠጠር ያለ እብጠት ወይ የማይድን ቁስል ካዩ ቁራጭ ተወስዶ ባዮፕሲ ይሠራ። ማሳከኩ ሲተውዎትም በዓመት አንዴ ይታዩ።

«ፅንስ ወርዶብኝ ሁለት ጊዜ ተጠርጌአለሁ። ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ ሁለት ጠብታ ሆኖ ቀረ። ሆርሞንሽም አልትራሳውንድሽም ደህና ነው ይሉኛል። ዓመት ሞከርን፣ አልፀነስኩም።»

«ከተጠረግኩ ወዲህ» ያልሽው መልሱን ይዟል። ማህፀን ሲጠረግ፣ በተለይ ሲደጋገም፣ የውስጡ ሽፋን ከሥሩ ሊላጥ ይችላል። ያኔ የተላጡት ግድግዳዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አሸርማን ይባላል፣ በ1948 እ.ኤ.አ. በሰፊው በጻፈበት ሐኪም ስም ነው። እንቁልጢሽ ጤነኛ ስለሆነ ሆርሞንሽ ደህና ይሆናል፣ ተራ አልትራሳውንድም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ስለዚህ «ሁሉም ደህና ነው» ያሉሽ አልዋሹሽም፣ ትክክለኛውን ቦታ አላዩም እንጂ።

መታየት ያለበት በሂስትሮስኮፒ ነው። ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ገብቶ ውስጡን ያሳያል፣ የተጣበቀውንም እዚያው በትንሽ መቀስ ይለያዩታል። ተመልሶ የመጣበቅ ጠባይ ስላለው ድጋሚ ሊያዩሽ ይችላሉ። ስትፀንሺ ደግሞ ለሚከታተልሽ ሐኪም ይህን ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪው፣ የእንግዴ ልጁ ማህፀኑ ላይ አጉል ሊጣበቅ ስለሚችል።

በነገራችን ላይ፣ ወልደው ብዙ ደም ፈሷቸው፣ ጡታቸው ወተት እምቢ ብሎ፣ ፔሬዳቸውም የጠፋ ሴቶች ታሪክ ሌላ ነው። እዚያ የተጎዳው አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ ሊሆን ይችላል፣ ሆርሞን መለካት ያለበትም ያኔ ነው።

«34 ዓመቴ ነው። ከሳንባዬ አየር አምልጦ ሁለት ጊዜ በደረቴ ቱቦ ገብቶልኛል፣ ሁለቱም በቀኝ በኩል። ባለቤቴ ነው «ሁለቱም ጊዜ ፔሬድሽ ላይ ነበርሽ» ያለኝ። ይገናኛል?»

ባለቤትሽን አመስግኚልኝ። ይገናኛል።

ኢንዶሜትሪዮሲስን ሰምተሽ ይሆናል፣ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። አልፎ አልፎ ሆድና ደረትን የሚለየው ድያፍራም ላይ ወይ ሳንባ ዙሪያ ይበቅላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ። ፔሬድ በመጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሳንባ አየር ካፈሰሰ ሐኪም ይህን ማሰብ አለበት። ቱቦ ማስገባቱ የዕለቱን ያድናል እንጂ በሽታውን አይነካውም። የደረት ቀዶ ሐኪምና የማህፀን ሐኪም አብረው ይዩሽ። በካሜራ ገብተው ድያፍራሙን ያጸዳሉ፣ ቀዳዳ ካለው ይሰፋሉ፣ ከዚያ ፔሬድ የሚያቆም ሆርሞን ይሰጥሻል። ቀኖቹን ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። እስከዚያው ድንገት ደረትሽን ከወጋሽና ትንፋሽ ካጠረሽ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

«26 ዓመቴ ነው። እንቁልጢዬ ላይ 7 ሴንቲሜትር እጢ አለ፣ ፀጉርና ጥርስ አለበት ተባልኩ። አማቴ ሳይወለድ የቀረ መንታሽ ነው አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ።»

መንታሽ አይደለም፣ ተኚ። እንቁላል የሚሆነው ሴል ማንኛውንም የሰውነት ክፍል የመሥራት አቅም አለው። አንዳንዴ ሳይፀነስ በራሱ ጊዜ ይጀምርና ዝም ብሎ ቆዳ፣ ፀጉር፣ ቅባት፣ ጥርስ ይሠራል። ዴርሞይድ ይባላል። ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ገደማ ካንሰር አይደለም።

የሚያሰጋው መጠማዘዙ ነው። እንዲህ ከተለቀ እንቁልጢው በራሱ ክብደት ዞሮ ደም ሥሩን ሊያንቅ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ የአንድ ጎን ሕመም ከትውከት ጋር ከመጣ ሰዓት አትቁጠሪ፣ ሂጂ።

ሌላም አለ፣ በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ የሚደርስ። በ2007 እ.ኤ.አ. የነርቭ ሐኪሙ ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ሰውነት ይህን እጢ ሲዋጋ የሚያመነጨው መከላከያ አንዳንዴ አንጎልንም ያጠቃል። ደህና የነበረች ወጣት በቀናት ውስጥ ትለዋወጣለች፣ ያልተባለ ትሰማለች፣ ያንቀጠቅጣታል። «አበደች» ተብላ የሆዷ አልትራሳውንድ ሳይታይ የሚቀር አለ። እጢው ወጥቶ ሲታከሙ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። አንቺን ለማስፈራራት አይደለም፣ ሌላ አንባቢ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ ካለች ብዬ ነው።

ያንቺ በዚህ መጠኑ መውጣት ያለበት ይመስለኛል። ከመፈረምሽ በፊት ግን ሐኪሙን «እጢውን ብቻ ነው የምታወጣው ወይስ እንቁልጢዬንም?» ብለሽ ጠይቂው። በ26 ዓመትሽ እጢውን ልጦ አውጥቶ እንቁልጢውን መተው ብዙ ጊዜ ይቻላል። አይቻልም ካለሽ ምክንያቱን ያስረዳሽ፣ ካላሳመነሽ ሌላ ሐኪም ጠይቂ። ሌላኛውንም እንቁልጢ ደህና አድርጎ ይይልሽ፣ ከአሥር አንዷ ላይ ገደማ በሁለቱም በኩል ይገኛል።