ማድያት ላይ ፒል ለመቀባት ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደነገጥኩ። «ለማድያቴ 30 በመቶ ግላይኮሊክ አሲድ በቴሌግራም ገዛሁ፤ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሚዜ ነኝ፤ ፊቴ ላይ ስንት ደቂቃ ላቆየው?» ነው ያልሽው። ይሄ ፒል የሚባለው፣ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን የሚልጥ አሲድ ነው፤ እባክሽ ጠርሙሱን አትክፈቺው። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ፤ ይሄው ነገር እኔ ላይ ደርሷል።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ ለብጉር የታዘዘልኝን ትሬቲኖይን ክሬም ማታ ማታ እቀባ ነበር። አንድ ሻጭ «5 ደቂቃ ብቻ አቆይው» ብሎ 30 በመቶውን ሸጠልኝ። ትሬቲኖይን የሚቀባ ቆዳ አሲዱን ቶሎ እንደሚያስገባ የነገረኝ አልነበረም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጉንጬና ከከንፈሬ በላይ ያለው ቦታ ነጣ ነጣ አለ። ወደ ቧንቧ ስሮጥ ውሃ የለም። የፒያሳን የውሃ ፈረቃ የምታውቅ ታውቀዋለች። ጎረቤት አንኳኩቼ ጀሪካን እስኪሰጡኝ አሲዱ ሥራውን ቀጠለ። ግላይኮሊክ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚቆም አይደለም፤ በብዙ ውሃ ካላጠብሽው ወይም በማርከሻ ካላቆምሽው እየጠለቀ ይሄዳል። የነጣው ቦታ ቅርፊት ሆነ፤ ቅርፊቱ ሲወድቅ ከበፊቱ የባሰ ጥቁር ምልክት ተወልኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን እስከ ጉንጬ ስቤ ነው የቆምኩት።

በኋላ ያየችኝ የቆዳ ሐኪም ያስረዳችኝን ሁሌም አስታውሳለሁ። የእኛ ቆዳ ሲቃጠል ወይም ሲቆጣ ቀለም አብዝቶ ያመርታል። ቁስሉ ይድናል፣ ጥቁረቱ ግን ለወራት ይቀራል። ማድያት ደግሞ ከብጉር ምልክት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ፀሐይና ሙቀት ብቻቸውን ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ማድያት ላይ ጠንካራ አሲድ መቀባት፣ ልታጠፊው የፈለግሽውን ነገር ራስሽ ማባባስ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2024 ጠንካራ ፒሎችን ያለ ባለሙያ ክትትል ገዝታችሁ አትጠቀሙ ብሎ በግልጽ አስጠንቅቋል። ቲሲኤ (ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ፣ ይበልጥ ጠንካራ የፒል አሲድ) የሚል ከተጻፈበት ደግሞ ጭራሽ ቤት መግባት የለበትም።

እኔ አሁን ላክቲክ አሲድ ነው የምጠቀመው፤ ከግላይኮሊክ ይልቅ ለቆዳ ለስለስ ይላል። ከ10 በመቶ አይበልጥም፣ ፒኤቹም (የአሲድነት ልኩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.5 አይወርድም። ፒኤቹ ያልተጻፈበትን አልገዛም፤ መቶኛው ትንሽ ሆኖ ፒኤቹ በጣም ዝቅ ያለ አሲድም ያቃጥላልና። መጀመሪያ ከጆሮዬ ጀርባ ትንሽ ቀብቼ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ፊቴ ላይ ስጀምር አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር፤ አሁንም በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ሬቲኖል (የትሬቲኖይን ዘመድ ነው) አልቀባም፣ ፊቴን በክር አላስነሳም፣ በስኳርም አላሽም። አይኔ ዙሪያ፣ አፍንጫዬ ጥግና ከንፈሬ ላይ ቫዝሊን እቀባለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፤ ቧንቧ አላምንም። መጠነኛ መቆጥቆጥ ያለ ነው፤ ካቃጠለ ወይም ነጣ ካለ ግን ሰዓት ሳልቆጥር አጥባለሁ። ሲላላጥ አልነካውም።

«ታዲያ ሎሚስ?» የምትሉ አታጡም። ሎሚም አሲድ ነው፣ ያውም መጠኑን የማታውቁት። ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን አቃጥሎ ያጠቁራል።

ፀሐይ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙዎቻችን የምንበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆም አዲስ ለተላጠ ፊት ከባድ ነው፤ ደመናም አያድንም። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ኤስፒኤፉ ቢያንስ 30 የሆነ፣ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ትደግሚዋለሽ። ጃንጥላም ያዢ። ይሄን በየቀኑ ማድረግ ካልቻልሽ ፒል ይቅርብሽ፤ የምሬን ነው።

እርጉዝ ከሆንሽ፣ አፍሽ ላይ ምች የሚወጣብሽ ከሆነ፣ ለብጉር የሚዋጥ አይሶትሬቲኖይን በቅርብ ከወሰድሽ ወይም የማንጫ ክሬም እየተቀባሽ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ከየሱቁ የሚገዙት ማንጫዎች ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ የሳሳ ላይ አሲድ ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቂኝ።

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ለማንኛውም ፒል አጭር ነው፤ የሆነ ነገር ቢበላሽ የሚድንበት ጊዜ የለሽም። ከዛሬ ጀምሮ ሰንስክሪንና ለስላሳ ማለስለሻ ብቻ ተቀቢ፣ የቀረውን ሜካፕ ይሸፍነዋል። ከሠርጉ በኋላ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ወይም የምታምኚው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ማድያቱን አሳዪ። ስትሄጂ ያንን ጠርሙስም ይዘሽው ሂጂ፤ ምን እንዳለበት ያዩልሻል።