የፒያሳው ሱቅና የአዘዞው መጋዘን ሠንጠረዦች ለምን አይገጥሙም?

ጠያቂያችን፣ ዋናው ሰርቨርዎ ፒያሳ ሱቁ ውስጥ፣ ቅጂው አዘዞ መጋዘኑ ውስጥ እንደሆነ ጽፈዋል። የፐርኮና ኩባንያ ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሠራውን የሠንጠረዥ ማመሳሰያ መሣሪያ (ፒቲ-ቴብል-ሲንክ) ያስኬዳሉ፣ ሥራው ያልቃል፣ የሽያጭ ዝርዝሩ ግን አሁንም አይገጥምም። እኔም እዚሁ ጎንደር የሁለት ቅርንጫፎችን ዳታቤዝ ስለምጠብቅ ችግሩን አውቀዋለሁ። እባክዎ ደጋግመው አያስኪዱት። አስቀድመው ሠንጠረዡን ጨርሶ ነክቶት እንደሆነ ያረጋግጡ።

መሣሪያው ከቅጂ ጋር ሲሠራ ማስተካከያውን የሚጽፈው በዋናው ሰርቨር ላይ ነው፤ ለውጡ በሪፕሊኬሽን (የዋናውን ለውጥ ወደ ቅጂው በሚያስተላልፈው ሥርዓት) ወደ ቅጂው ይወርዳል። የሚጠቀመው ሪፕሌስ የተባለውን ትእዛዝ ስለሆነ ነባሩን ረድፍ አጥፍቶ እንደገና ያስገባል። ፕራይመሪ ኪ (እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ቁልፍ) ወይም ሌላ እሴቱ የማይደገም ኢንዴክስ (ማውጫ) ከሌለ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሠንጠረዡን ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትሪገር (ረድፍ ሲለወጥ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያለበትንም እንዲሁ። ማስጠንቀቂያውን ይጽፋል፣ ግን በብዙ መስመሮች መካከል ተውጦ ይቀራል። ውጤቱን በፋይል አስቀምጠው እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ። እኔ በብዛት ያገኘሁት ከኤክሴል ተገልብጦ የገባ፣ ቁልፍ የሌለው ሠንጠረዥ ነው።

ሌሎች ሠንጠረዦች በፎሪን ኪ (የልጅ ሠንጠረዥን ረድፍ ከወላጁ ረድፍ ጋር በሚያገናኝ ቁልፍ) የተሳሰሩበትንም ሠንጠረዥ ሊዘለው ይችላል። መሣሪያው የልጅ ሠንጠረዦችን የሚፈትሽበትን አማራጭ አጥፍተው እንዲያልፉ የሚመክርዎ ካለ በፍጹም አይስሙት! ወላጁ ረድፍ ሲጠፋ ልጆቹም አብረው እንዲጠፉ ተደርጎ ከተሠራ፣ ሪፕሌስ የደረሰኞቹን ዝርዝር ከዋናው ሰርቨር ላይ ጠራርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ባክአፕ ሳይዙ፣ ትእዛዞቹን ሳይፈጽም በሚያሳየው የፕሪንት አማራጭም የሚጻፈውን ሳያዩ ኤክሲኪዩት (ፈጽም) ማለት የሌለብዎ።

በዓይን የሚታየው ልዩነት ሁሉ እውነተኛ ልዩነት አይደለም። መብራት ጠፍቶ የተመለሰ ቅጂ ወደ ኋላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እስኪደርስ ይጠብቁት። ሰዓቱ በትክክል በ3 ሰዓት የሚለያይ ከሆነ አንዱ ሰርቨር በኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና፣ ሌላው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የተስተካከለ መሆኑን ይጠርጥሩ። ዋጋን በፍሎት (ቁጥርን በግምት በሚይዝ) ዓይነት ካስቀመጡም የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ለገንዘብ ቁጥሩን በትክክል የሚይዘውን ዴሲማል ይጠቀሙ።

ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ የሚበላሽ ከሆነ መጋዘኑ ውስጥ በቀጥታ ቅጂው ላይ የሚጽፍ ሰው ወይም ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። ሪድ ኦንሊ (ማንበብ ብቻ የሚፈቅደው ቅንብር) ብቻውን ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ አያግደውም፤ ከማይኤስኪውኤል 5.7.8 ጀምሮ ባሉት እትሞች ያለውን ሱፐር ሪድ ኦንሊ ያብሩ። ይህን ሁሉ አድርገው ካልገጠመ የሠንጠረዡን አወቃቀርና የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ እዚህ ይለጥፉልን፤ አብረን እናየዋለን።