«385 ሰው» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ የምታጠኑ ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ 384 ወይም 385 የምትል የናሙና ቁጥር፣ ማለትም የምትጠይቁት ሰው ብዛት፣ መግባቷ አይቀርም። ከየት እንደመጣች እወቁ። 1.96ን በራሱ፣ ውጤቱን በ0.25 አባዙና ለ0.05 ካሬ አካፍሉ፤ 384.16 ይሰጣችኋል። የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ (ውጤታችሁ ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት ልክ) 5 በመቶ ማለት ነው። ስህተቱን በግማሽ መቀነስ ከፈለጋችሁ ናሙናው በአራት እጥፍ አድጎ 1,537 ይሆናል፤ የመስክ በጀት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ግን የእያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ሲታወቅ ብቻ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቀውን መጠይቅ አስሞልቶ «የስህተት ወሰናችን 5 በመቶ ነው» ማለት ሐሰት ነው። ያገኛችሁትን ሰው ከጠየቃችሁ እንደዚያው ብላችሁ ጻፉ፤ ነውር የለውም።

በዕጣ መምረጥ ደግሞ ዝርዝር ይፈልጋል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። ስለዚህ የተመረጠውን ቀጠና በእግር ዞራችሁ ቤቶቹን ቁጠሩ፣ መነሻውን ቤት በዕጣ አውጡ፣ ከዚያ በየ5ኛው ቤት ሂዱ። ተቆጣጣሪ ከሌለ መረጃ ሰብሳቢው ምድር ቤቱን ጠይቆ ይመለሳል፤ 4ኛ ፎቅ አይወጣም። በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ከሄዳችሁም የምታገኙት በብዛት የቤት ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ነው። ከ11 ሰዓት በኋላና ቅዳሜን ጨምሩ። ከተሞላው መጠይቅ ቢያንስ 10 በመቶውን ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

የጥያቄው ቃል ከሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። «ዋጋውና ጥራቱ አርክቶዎታል?» ሁለት ጥያቄ ነው፤ ጥራቱን ወዶ ዋጋውን የጠላ ምን ይመልስ? ሰዋችን ቤቱ የመጣን እንግዳ ማስከፋት ስለማይወድ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። አስተያየቱን ትታችሁ ያደረገውን ጠይቁት፤ «ወተት ይወዳሉ?» ሳይሆን «ባለፉት 7 ቀናት ወተት የገዙት ስንት ቀን ነው?» በሉ። ይህንኑ በሁዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ጠይቃችሁ የዓመቱን ሽያጭ ብትተነብዩ ግን ድርጅቱን ታከስራላችሁ። ደመወዝ በቀጥታ አይጠየቅም፤ የወር የምግብ ወጪና የቤት ኪራይ ይሻላል። ከእንግሊዝኛ የተረጎማችሁትን መጠይቅ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዚያ 15 ወይም 20 ሰው ላይ ሞክሩት።

የሱቅ ሽያጭ ስታጠኑ ቀመሩ ቀላል ነው፤ መነሻ ክምችት ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የቀረው፣ የተሸጠውን ይሰጣል። መርካቶ በጅምላ የወጣውን ግን ሸማች ገዛው ብላችሁ አትቁጠሩ፤ የሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ሥራው ብዙውን ጊዜ በውሎ አበል ከመረጃ ሰብሳቢነት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያ ትንተና ወይም የጥናት ኃላፊነት ይመጣል። ቀጣሪዎቹ የጥናት ድርጅቶች፣ ባንኮች፣ የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎች፣ በክትትልና ግምገማ ዘርፍ ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምም ደንበኛውን ማጥናት ግድ ሆኖበታል። ከሶፍትዌር ኤክሴልን በደንብ ያዙ፣ ከዚያ ለስታቲስቲክስ ትንተና ኤስፒኤስኤስ ወይም አር፤ ለመስክ ደግሞ መጠይቅ በስልክ የሚሞላበትን ኮቦ።

ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ከሰርተፍኬታችሁ ጋር አንድ መጠይቃችሁን ከሙከራው በፊትና በኋላ እንደነበረ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰረዛችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደተሰረዘ ጎኑ ላይ ይጻፍበት።