በየወሩ የሚሄድብኝ 235 ብር

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አንድ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ደመወዜ 6,000 ብር ነው። ለግብር 935 ብር ይቆረጥብኛል። እኩል ደመወዝ ያላት ጓደኛዬ ግን ሌላ መሥሪያ ቤት 700 ነው የምትከፍለው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ የጓደኛሽ ነው። ያንቺን በድሮው ስሌት ነው የሠሩት። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ ማለትም 300 ብር፣ የቀረው 2,000 ላይ ደግሞ 20 በመቶ፣ 400 ብር፤ ድምሩ 700። ስሊፕሽ ላይ ያለው የጡረታ 420 ብር ሌላ ነው፣ እንዳታምታቺው። 235 ብር እኮ በየወሩ ሲሄድ ቀላል አይደለም! ስሊፖችሽን ሰብስቢና ሒሳብ ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውንም ያዢ። ቆርጦ የሚያስገባው ቀጣሪሽ ስለሆነ ማስተካከሉም ከእሱ ይጀምራል። እምቢ ካሉሽ ወረቀቶቹን ይዘሽ ገቢዎች ሂጂ።