«ዕድሌ ነው» የሚለው ልጅና ራሷን የምትወቅሰው እናት

ውድ ጠያቂዬ፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ስላላለፈው የ19 ዓመት ልጅዎ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ ቀኑን ሙሉ ተከናንቦ ይተኛል፤ ሲያናግሩት «ዕድሌ ነው፣ ተዪኝ» ይልዎታል። አባቱ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብለው ማለፋቸው ያበሳጭዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ሌሊት እየተነሡ «የማታ ፈረቃ ባልሠራ፣ አስጠኚ ብቀጥርለት ኖሮ» እያሉ ሲያብሰለስሉ ያነጋሉ። ቁርሱን አልጋው ድረስ ያደርሱለታል፤ ሳይነግሩትም በግል ተፈታኝነት ሊያስመዘግቡት አስበዋል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጁሊያን ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች የሚደርስባቸውን ነገር አንዳንዶቹ ከራሳቸው ድርጊት፣ ሌሎቹ ከዕድል ወይም ከሌሎች ኃይል ጋር እንደሚያያይዙት አሳይቷል። በጥቅሉ «በእጄ ነው» ብለው የሚያምኑ ሰዎች ለድብርት የሚጋለጡት ባነሰ መጠን ነው። ይህ እምነት ግን በእጃችን ባልሆነ ነገር ላይ ሲውል ወደ ጸጸት ይለወጣል፤ የእርስዎም ሕመም ይህ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሱ፤ በቀጣዩ ዓመትም 5.4 ከመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ውጤት የአንዲት እናት የሥራ ሰዓት አይወስነውም።

ላዛረስና ፎክማን የተባሉ ተመራማሪዎች ችግርን የምንቋቋምበትን መንገድ በሁለት ከፍለውታል፤ አንዱ ችግሩን ራሱን ለመለወጥ መሥራት ሲሆን ሌላው ችግሩ የፈጠረውን ስሜት ማስታገስ ነው። የወጣ ውጤት አይለወጥምና ለእሱ የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ ማልቀስ፣ መጸለይ፣ ከወዳጅ ጋር ማውራት። ስለዚህ የባለቤትዎ ንግግር ላለፈው ነገር መድኃኒት ነውና አይናቁት፤ ጉዳቱ ለነገው ምዝገባም ያው ቃል ሲደገም ነው። የልጅዎ እንቅልፍ ግን ከነገሩ መሸሽ ነው፤ ለዕለቱ ያሳርፈዋል፣ በማግስቱ ግን ፍርሃቱ ይጨምራል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴሊግማንና ማየር በውሾች ላይ ያደረጉትን ሙከራ ላንሣልዎት፤ ልጅዎን ከእንስሳ ጋር ማወዳደሬ እንዳይመስልዎት። ሊያስቆሙት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የተሠቃዩ ውሾች፣ በኋላ አጥር ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ቀሩ። የዳኑት በገመድ እየተጎተቱ ወደ ማዶ ደጋግመው እንዲሻገሩ ሲደረግ፣ መንቀሳቀሳቸው እንደሚያድናቸው በገዛ አካላቸው ሲያዩ ነው። ልጅዎ «ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም» ብሎ ባመነበት ጊዜ እርስዎ በድብቅ ሲያስመዘግቡት፣ በፍቅርዎ ያንኑ እምነት ያጸኑለታል። እባክዎ ይህን አያድርጉት።

ይልቁንስ አብረውት ይሂዱና ቅጹን በራሱ እጅ ይሙላ። ለ50 ከመቶ ጥቂት ነጥብ ብቻ የጎደለውን የትምህርት ዓይነት ራሱ መርጦ፣ የቀድሞ ዓመታትን ፈተና በቀን ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ስንት ጥያቄ እንደመለሰ በደብተሩ ይመዝግብ፤ ትላንት 6 የነበረው ዛሬ 9 ሲሆን ከማንም ምክር ይልቅ ያ ቁጥር ያሳምነዋል።

መተኛቱና ምግብ መጥላቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይውሰዱት።

ነገ ጠዋት ቁርሱን ወደ አልጋው አይውሰዱለት። ገበታውን አቅርበው፣ የእርስዎንም ሻይ ቀድተው ይጠሩት፤ ዘግይቶ ቢመጣም አይቆጡት።