ከደጃፍ ወደ ድስት፦ የጓዳ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

መስከረም ከጠባ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሾቹ ስለ ዱባ ናቸው። አይገርምም። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በዚህ ወር ዱባ ያልተቀመጠበት ደጃፍ ማግኘት ይከብዳል። የዱፖንት ሰርክልም፣ የታኮማ ፓርክም የእሑድ ገበያ፣ የሲልቨር ስፕሪንግም የቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። እኔ ለጌጥ ብቻ ገንዘብ ማውጣት አይሆንልኝም። ደጃፌ ላይ የማስቀምጠው ነገር ኋላ ድስት የሚገባ መሆን አለበት። መልሶቼን በዚህ ዓይን አንብቧቸው።

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ትልቅ ብርቱካናማ ዱባ ገዝቼ ዱባ ወጥ ሠራሁ። ውሃ ሆነብኝ፤ ጣዕምም የለው። እናቴ አዲስ አበባ የምትሠራው ወፍራም ነው፣ ይጣፍጣል። ጥፋቱ የበርበሬው ነው ወይስ የእኔ? — ከአሌክሳንድሪያ

አንቺም በርበሬሽም ነፃ ናችሁ። ጥፋቱ የዱባው ነው። ያ ትልቁ ዱባ ለሃሎዊን እንዲቀረጽ ተመርጦ የተዳቀለ ዘር ነው። የተፈለገው ትልቅነቱ፣ ክብነቱና ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ስለ ጣዕሙ የተጨነቀ የለም። ሥጋው ውሃ ያዘለ ነው፣ ክር ይበዛዋል።

ለወጥ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። በተርነት የሚባለው ረጅም አንገት ያለውና ቆዳው ፈዘዝ ያለው ጥሩ ነው። ትንሹ ፓይ ፓምፕኪንም ይሆናል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ካቦቻን የሚያህል የለም። ክብ ነው፤ ቆዳው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሲቆርጡት ውስጡ ደማቅ ቢጫ ነው። ሥጋው ደረቅ ስለሆነ ወጡን ራሱ ያወፍረዋል። ቆዳው ሲበስል ስለሚለሰልስ ልላጥ ብለሽ ጣትሽን አትቁረጪ።

ስትመርጪ በእጅሽ አንሺው። ከመጠኑ በላይ የሚከብደው ይሻላል። አናቱ ላይ ያለችው ግንድ ደርቃ ቡሽ የመሰለች ትሁን። ቆዳውን በጥፍርሽ ስትጫኚው መበሳት የለበትም። መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ ቢጫ ከሆነ በደንብ በስሎ ነው የተቆረጠው። የአሌክሳንድሪያ የቅዳሜ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ የሚቆም ነው ይባልለታል። እዚያ ያሉት ገበሬዎች ጠያቂ አይሰለቹም። «ለድስት ነው የምፈልገው» ብለሽ ንገሪያቸው።

አሠራሩ ይኸውልሽ። 3 ፓውንድ ለሚሆን ዱባ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊ። መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪው። ውሃውን ሲጨርስና ጠየም ሲል ግማሽ ስኒ ዘይት ጨምሪ። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረሽ ጠብ ጠብ እያደረግሽ በሙቅ ውሃ እያበረድሽ አቁላዪ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ የሚለው ሰው ሲቸኩል ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ዱባውን በትልልቁ ቆርጠሽ አስገቢ፤ አንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ብቻ አድርጊና ክደኚ። በቀስታ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። በማማሰያ አትጎርጉሪው፣ ይፈርሳል። ድስቱን በጆሮው ይዘሽ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ጨው ውሃውን ስለሚያወጣው መጨረሻ ላይ ይሁን። ኮረሪማ ነስንሰሽ አውርጂ። የጽጌን ጾም የምትጾሚ ከሆነ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ ከዚህ የተሻለ ወጥ አላውቅልሽም። ፍስክ ከሆነ ደግሞ በዘይቱ ፈንታ ንጥር ቅቤ።

የገዛሽው ትልቁ ዱባ ከተረፈ አትጣዪው። ለሁለት ክፈዪና በ400 ዲግሪ ፋራናይት ኦቨን ጥበሺው። ሥጋውን በማንኪያ ፍቀሽ በወንፊት አጥልዪውና ሾርባ አድርጊው። ፍሬውን አጥበሽ፣ አድርቀሽ ምጣድ ላይ ቁዪው። ድሮ ለኮሶ ትል ያበሉን የነበረው ፍሬ ዛሬ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በውድ ይሸጣል!

እትዬ፣ ገበያ ላይ ትንንሽ፣ ኪንታሮት ያለባቸው፣ የተዥጎረጎሩ ቅሎች አይተን ሳሎን ለማስጌጥ ገዛን። ባለቤቴ «ሲበቃን ቀቅለን እንብላው፣ ምግብ አይጣልም» ትላለች። ይበላል? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

አይበላም፣ ወንድሜ። ባለቤትህ በልማዷ ልክ ናት፤ በዚህች ግን አይሆንም። ለጌጥ የሚሸጡት ትንንሽ ቅሎች ኩከርቢታሲን የሚባል በጣም መራራ ነገር አለባቸው። ያስመልሳል፣ ሆድ ክፉኛ ያማል። ማብሰል አያጠፋውም። የምግብ ዱባም ሆኖ ጥሬውን ምላስህን ስታስነካው ከመረረህ ትፋው፤ ዱባውንም ጣለው። በቅመም ልሸፍነው አትበል።

ለጌጥ ብቻ ካልከኝ ግን ሌላ ነገር ልንገርህ። ቅጠሉ ሲረግፍ አንዳንድ ገበሬዎች ረጅም አንገት ያላቸው ትልልቅ አረንጓዴ ቅሎች ያመጣሉ። እዚህ አገር የወፍ ቤት ይሠሩባቸዋል። ዘሩ የእኛው ቅል ነው፤ ጠላ የምንጠጣበት፣ ወተት የምንንጥበት። አንዱን ግዛና አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ ጋራዥም ቢሆን፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ሲደርቅ ወራት ይፈጃል። በመሐል ቆዳው ይሻግታል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል። ውጪው ሻግቶ ውስጡ ጠንካራ ከሆነ እየደረቀ ነው። ከለሰለሰና ከተንጠባጠበ ግን በስብሷል። አንስተህ ስትነቀንቀው ፍሬው ከተንሿሿ ደርሷል ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃ ነክረህ በሽቦ ማሻ ፈግፍገው። ስትከፍተውና ስትፈገፍገው አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ አቧራው ሳንባ አይወድም። ለልጆችህ ቅል ምን እንደሆነ በቃል ከምታስረዳቸው በእጃቸው ስጣቸው።

ለመስቀል ሳሎኔን በአደይ አበባ ማስጌጥ ፈልጌ አጣሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ምን ላድርግ? — ከፎልስ ቸርች

አደይ የሚበቅለው አገራችን ነው። የቅርብ ዘመዱ ግን እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ አለ። ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ረግረጋማ ሜዳና የመንገድ ዳር ቦይ ቢጫ ሲለብስ አይተሽ ይሆናል። ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከፓርክ ግን አትቁረጪ፤ በብዙዎቹ ፓርኮች ክልክል ነው። አበባ የሚሸጡትን ገበሬዎች መስከረም መጀመሪያ ላይ ጠይቂ። ካጣሽ ትንንሽ ሱፍ አበባና ራድቤኪያ የሚባለውን ቢጫ አበባ ቀላቅለሽ አንድ ላይ እሰሪ፤ ከሩቅ ያታልላል።

ግቢ ካለሽ ዘሩን ገዝተሽ አሁን፣ ክረምት ሳይገባ፣ መሬት ላይ በትኚው። ለመብቀል ብርድ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ራሱን ይዘራል፤ ጎረቤትም ግቢ ይሄዳል። አስቀድመሽ ጎረቤትሽን አስፈቅጂ።

እትዬ ሰላም። የገዛሁት በቆሎ ሁሉ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፣ ከሰል ላይ ሳስቀምጠው ይጨማደዳል። የአራት ኪሎን የበቆሎ ጥብስ የሚመስል የት አገኛለሁ? — ከኮሎምቢያ ሃይትስ

አይ ልጄ፣ አልፎሃል። ቢሆንም ለሚቀጥለው ዓመት ያዘው። እዚህ አገር ለመብላት የሚሸጠው በቆሎ ስኳሩ እንዲበዛ የተዳቀለ ነው፤ ፍሬው ገና ወተት ሳለ ይቆረጣል። የእኛ የጥብስ በቆሎ ስታርቹ የበዛ ነው፤ ጠንከር ሲል ነው ከሰል የሚያየው። ስለዚህ ከብት የሚያረባ ገበሬ ፈልግ። ለከብቱ የሚዘራው በቆሎ በነሐሴ ውስጥ ፍሬውን በጥፍር ስትጫነው ወተት ሳይሆን ሊጥ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ጥቂት እንዲቆርጥልህ ለምነው። መጀመሪያ ይስቅብሃል፣ ኋላ ይሸጥልሃል። መድኃኒት መቼ እንደተረጨበትም ጠይቀው።

ለዘንድሮ ደግሞ ደረቁን በቆሎ ተመልከት። ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁርና ቢጫ ፍሬ የተቀላቀለበት፣ ሦስት ሦስቱ በቅርፊቱ ታስሮ በር ላይ የሚሰቀለው። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፤ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ተቀብቷል? ካልተቀባ በርህ ላይ ስቀለው፤ ጌጡ ሲሰለችህ ፈልፍለህ ንፍሮ አድርገው። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ማደር አለብህ፤ ከዚያም ቢሆን ጥርስ የሚችለው እስኪሆን ሰዓታት ይቀቀላል። ሽምብራና ባቄላ ብትቀላቅልበት ለእንግዳ ይቀርባል።

እኔ የምወደው ግን ትንሿን ነው። እንጆሪ የምታክል፣ ጥቁር ቀይ፣ ሰዎች በሳህን ደርድረው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጧት የበቆሎ ራስ። ስሟም ስትሮቤሪ ፖፕኮርን ነው። ብዙ ሰው ፈንዲሻ መሆኗን ሳያውቅ ኅዳር ላይ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። ረከቦቱ አጠገብ ደርድራት። ቡና በሚፈላበት ቀን ሁለቱን ራስ ፈልፍለህ ክዳን ባለው ድስት ፈንዲሻ አድርጋት። ፍሬዋ ቀይ ቢሆንም የምትፈነዳው ነጭ ሆና ነው። ብዙው ሳይፈነዳ ከቀረ አልደረቀም ማለት ነው፤ ጥቂት ሳምንት ታገሣት።

እትዬ፣ ለታንክስጊቪንግ የባለቤቴ ወላጆች ቤት ተጠርተናል። አሜሪካውያን ናቸው፣ ጥሩ ሰዎች። እኔ ግን እጾማለሁ። ማንንም ሳላስቀይም ምን ይዤ ልሂድ? — ከሎተን

የአንቺ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ታንክስጊቪንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የቱርክ ዶሮው የሚመጣው ጾም ላይ ነው።

ጠረጴዛውን የሚያሳምር ነገር ይዘሽ ሂጂ። ያኔ ማንም «ለምን አትበዪም» አይልሽም፣ ሁሉም ያንቺን ያያል። ኤከርን የሚባለውን ትንሽ፣ ጎድጎድ ያለ አረንጓዴ ዱባ ግዢ። ከላይ ወደ ታች ለሁለት ክፈዪው፣ ፍሬውን አውጪ፣ ዘይት ቀቢውና በተቆረጠው በኩል ደፍተሽ በ400 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ጥበሺ። ግማሹ ራሱ ሳህን ይሆንልሻል። ውስጡን በድፍን ምስርና በጎመን ሙዪው። ምስሩ ቀድሞ ይቀቀል። ጎመኑን ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አድርገሽ በዘይት አብስዪው፤ ቃሪያውን ለአማትሽ ብለሽ ቀነስ አድርጊ። ሁለቱን ቀላቅዪ፣ ሙዪ፣ የተቆላ የዱባ ፍሬ ከላይ በትኚ።

ስለ ጎመኑ አንድ ነገር። እዚህ ኮላርድ የሚሉት የእኛ የሐበሻ ጎመን አይደለም፤ የጥቅል ጎመን ወገን ነው። ነገር ግን አመዳይ ከመታው በኋላ ይለወጣል። ተክሉ ከብርድ ራሱን ለመከላከል ስኳር ስለሚያበዛ መራራነቱ ይቀንሳል። ገበሬውን «አመዳይ አይቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ያላየውን ኅዳር ላይ እኔ አልገዛም።

እዚያ ስትደርሺ ግን ሳህንሽን ጠብቂ። አሜሪካኖች ፍቅራቸውን የሚገልጹት ግሬቪ፣ የሥጋውን መረቅ፣ በማፍሰስ ነው።

እነዚህ ገበያዎች ቆንጆ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። እኔ የምኖረው በስናፕ፣ በመንግሥት የምግብ ድጎማ፣ ነው። ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ አይደለም ወይ? — ከታኮማ ፓርክ

ለአንዳንዱ ነው። ለአንቺ ግን መሆን የለበትም። ብዙዎቹ የአካባቢያችን ገበያዎች ስናፕ ይቀበላሉ። ከዚያም አልፈው ያወጣሽው ላይ እኩል ጨምረው ይሰጡሻል። አንቺ ሰፈር ያለው የክሮስሮድስ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሲያደርገው የቆየ ነው። መረጃ የሚሰጡበት ድንኳን ሂጂ፣ ካርድሽን አሳዪ፣ ለስንት ያህል እንደሚጨምሩ ጠይቂ። አያስፈሩም፣ አያሳፍሩምም።

ዘግይተሽም ሂጂ። ሊበተን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ገበሬው ጭኖ መመለስ አይፈልግም። አፕል ከሆነ የምትፈልጊው የተመታውንና ቅርጹ የተበላሸውን ጠይቂ፤ በሣጥን ርካሽ ነው፣ ለማርማላታ ምንም አይለውም። የደጃፍ ዱባ ደግሞ ሃሎዊን ባለፈ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል። ሳይቀረጽ የቆየ፣ ግንዱ ያልተነቀለ ከሆነ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ፣ 50 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ፣ ሳምንታት ይቆያል። ካቦቻው ግን እስከዚያ ገበያ ላይ አይጠብቅሽም፤ እሱን በዚህ ሳምንት ግዢ።